ብሩታዊትና አንድሮሜዳ

ሰው በሕፃንነቱ የሰማው ተረት፣ በኋላ በትምህርት ቤት ከቀሰመው ዕውቀትና በሸመገለ ጊዜ ካካበተው ልምድ ይልቅ ጠልቆ በልቡናው ውስጥ እንደሚኖር፣ የዕድሜዬን እኩሌታ ከልጆች ጋር ያሳለፍሁ እኔ በብዙ ምስክር ተረድቼዋለሁ። በቃላችን ያጠናነው የወንዝና የተራራ ስም ይረሳል፤ የደከምንበት የሒሳብ ደንብ ይጠፋል፤ አያታችን በምሽት የተረከችልን ግን አብሮን ያረጃል፤ እኛም በተራችን ለልጆቻችን መንገር ስንጀምር፣ ከነድምፁና ከነቃናው ከአፋችን ሲወጣ እንሰማዋለን። ዛሬ ብዕር ያነሣሁት፣ በመምህርነት ዘመኔ የልዩ ልዩ ሕዝቦችን ጥንታዊ አፈ ታሪክ ለአገራችን ሕፃናት በነገርሁባቸው ዓመታት ያየሁትንና ያስተዋልሁትን፣ ለሚከተለው ትውልድ አስተማሪና ወላጅ ለማቆየት ነው።

የመጀመሪያዋ የአፈ ታሪክ መምህሬ ፊደል ያልቆጠረችው አያቴ ነበረች። በመንዝ ደጋ፣ ብርዱ በርኖስ በሚያስደርብበት በጥቅምትና በኅዳር ምሽት፣ እራት ተበልቶ እጅ ከታጠበ በኋላ፣ እምዬ (ሁላችንም እንዲህ ነበር የምንጠራት) እንዝርቷን ይዛ በምድጃው ዳር ትቀመጣለች፤ እኛም የልጅ ልጆቿ በአጎዛ ላይ ተኮልኩለን፣ «ተረት ተረት» ስትል «የላም በረት» ብለን ተቀብለን ጸጥ እንላለን። ከምትነግረን ሁሉ ይልቅ የሚያስፈራኝም የሚስበኝም የአርዌ ታሪክ ነበር፤ በጥንት ዘመን በአገራችን ላይ ዘንዶ ነግሦ፣ ሕዝቡ ከከብቱ መርጦ፣ ከልጆቹም ደናግሉን እያወጣ ሲገብርለት ከኖረ በኋላ፣ አንጋቦ የሚባል ጐበዝ መጥቶ፣ መርዝ ያበላትን ፍየል አቅርቦለት አውሬውን እንደ ገደለ፣ ሕዝቡም በምስጋና እንዳነገሠው፣ ከእርሱም ንግሥት ማክዳ እንደ ተወለደች ትተርክልናለች። አንድ ምሽት፣ «እምዬ፣ ዘንዶው ሲሞት ተራዋ ደርሶ የነበረችው ልጅ ማን ነበረች?» ብዬ ብጠይቃት፣ እንዝርቷን አቁማ ጥቂት አሰበችና፣ «ስሟን የነገረኝ የለም የኔ ልጅ፤ እሷ ተርፋ ባትወልድ ግን አንተም እኔም እዚህ ባልተቀመጥን ነበር» አለችኝ። በዚያች መልስ፣ ያ ሩቅ ዘመን ወደ ቤታችን ገባ፤ ተረቱም የእኔው ጉዳይ ሆነ። አፈ ታሪክ በሕፃን ልብ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ይህ መሆኑን፣ ከዚያ ወዲህ ካነበብሁት ሐተታ ሁሉ የበለጠ ያስረዳችኝ እሷ ናት።

ሁለተኛው መምህሬ የኔታ ነበሩ። ከፊደል ወደ ዳዊት በተሻገርሁበት ዓመት፣ በዐቢይ ጾም፣ ትምህርቱ ሲያበቃ የነገሩን አንድ ምሳሌ እስከ ዛሬ በዓይኔ ላይ አለ። አንድ ሰው ከሚያሳድደው አውሬ ሲሸሽ ከጥልቅ ጕድጓድ ይወድቃል፤ ሲወድቅም በጕድጓዱ አፍ የበቀለች ዛፍ ይዞ ይንጠለጠላል፤ ወደ ሥሯ ቢመለከት ሁለት አይጦች፣ አንዱ ነጭ አንዱ ጥቁር፣ ያለ ዕረፍት ይቈረጥሟታል፤ ወደ ታች ቢመለከት ዘንዶ አፉን ከፍቶ ይጠብቀዋል፤ በዚህ ሁሉ መካከል ከቅርንጫፏ ጥቂት ማር ቢንጠባጠብለት፣ አውሬውንም ዘንዶውንም ረስቶ ማሩን ይልስ ጀመር። አይጦቹ ሌሊትና ቀን፣ ዛፊቱም ዕድሜያችን መሆናቸውን የኔታ ተረጐሙልን፤ እኛ ግን ትርጓሜውን ከመስማታችን አስቀድሞ ከጕድጓዱ ውስጥ ተንጠልጥለን ነበር።

ይህ ምሳሌ ከየት እንደ መጣ ያወቅሁት ጐልምሼ ነው። የሚገኘው በመጽሐፈ በረላም ወይዋሴፍ ነው፤ መጽሐፉንም ከየመን መጥቶ በክርስትና የጸናውና በኋላ የደብረ ሊባኖስ እጨጌ ለመሆን የበቃው አባ ዕንባቆም፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ1553 እ.ኤ.አ.፣ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መልሶታል። ሊቃውንት ምንጩን ሲመረምሩ ደግሞ፣ ቤተ መንግሥቱን ትቶ የመነነው የይዋሴፍ ታሪክ በህንድ ስለ ቡድሃ ሲነገር የኖረው ታሪክ መሆኑን፣ ከዚያም በፋርስ፣ በዐረብ፣ በጆርጂያና በጽርእ ቋንቋዎች እየተላለፈ ክርስቲያናዊ ልብስ ለብሶ መስፋፋቱን አረጋገጡ። እንግዲህ እኛ በመንዝ ተራራ፣ በአንዲት የሣር ጎጆ ጥላ ሥር ተቀምጠን የሰማነው ታሪክ፣ በሕዝብና በሃይማኖት ሳይከለከል ብዙ ባሕርና በረሃ ተሻግሮ የደረሰን ነበር። የሌላውን ሕዝብ ታሪክ ለገዛ ልጆች መንገርም ዘመን ያመጣው ነገር አይደለም፤ ፊሳልጎስን ከጽርእ፣ ዜና እስክንድርን ከዐረብኛ የተረጐሙልን አበው ቀድመው የሄዱበት መንገድ ነው።

ለዘመናዊ ትምህርት ወደ አዲስ አበባ ከመጣሁ በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም. በተመሠረተው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ከእጄ ከገቡት መጻሕፍት አንዱ፣ ቻርልስ ኪንግስሊ የተባለ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ካህን የጽርእን ጀግኖች ታሪክ ለገዛ ልጆቹ የጻፈበትና በ1856 እ.ኤ.አ. የታተመው መጽሐፍ ነበር። ከምዕራፎቹም አንዱ ጀግናው ፔርሴዎስ ወደ ኢትዮጵያውያን አገር መድረሱን የሚተርክ ሆኖ ባገኘሁት ጊዜ፣ የተሰማኝን መደነቅ ለመግለጽ ቃል ያንሰኛል። ካሲዮፔያ የምትባለው የንጉሥ ኬፌዎስ ሚስት የውበት ትምክሕት አድሮባት ከባሕር ደናግል እንበልጣለን ብላ ብትናገር፣ የባሕሩ አምላክ ፖሲዶን ተቈጥቶ ማዕበልና አስፈሪ የባሕር አውሬ በአገሪቱ ላይ ሰደደ፤ አውሬውም የሚመለሰው የንጉሡ ልጅ አንድሮሜዳ ብትሰጠው ብቻ መሆኑ ስለ ተነገረ፣ ምንም ያልበደለችው ልጅ በእናቷ አፍ ምክንያት በባሕር ዳር ከዐለት ጋር በሰንሰለት ታሰረች፤ ፔርሴዎስም ሜዱሳ የተባለችውን ጭራቅ ገድሎ ሲመለስ አያት፤ አውሬውን ገደለ፤ ልጅቱንም ፈትቶ አገባት።

ከዚያ በኋላ ፈልጌ ሳነብ፣ በሆሜር ኢልያድ የመጀመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ዜውስ ነውር ወደሌለባቸው ኢትዮጵያውያን ለግብዣ ሄዶ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን እንደሚመለስ፣ በኦዲሴይ መግቢያም ፖሲዶን በኢትዮጵያውያን ዘንድ መሥዋዕት ሲቀበል እንደሚገኝ አየሁ። ጽርኣውያን ኢትዮጵያ የሚሉት ምድር ዛሬ እኛ የምንኖርባት አገር ብቻ እንዳልሆነ፣ ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን ሁሉ፣ አንዳንዴም በፀሐይ መውጫና በፀሐይ መግቢያ ያሉትን ሕዝቦች የሚያጠቃልል እንደ ነበረ በኋላ ተምሬያለሁ፤ ልጆቼንም ስሙን አይተው ብቻ እንዳይመኩ ሳልነግራቸው አላለፍሁም። ነገር ግን አንድ የተራራ ልጅ፣ የዓለም ታላቅ ተብሎ በሚጠራ ድርሰት ውስጥ የአገሩን ስም በክብር ተጽፎ ሲያገኝ፣ መጽሐፉ የሌላ ሰው ንብረት መሆኑ ይቀርና ለእርሱም በሩ የተከፈተ ቤት ይሆንለታል። የአውሮፓ ሠዓልያን አንድሮሜዳን አብዛኛውን ጊዜ ነጭ አድርገው መሣላቸውን፣ ሮማዊው ባለ ቅኔ ኦቪድ ግን ጠይምነቷ የአገሯ ቀለም መሆኑን መጥቀሱን ባወቅሁ ጊዜም፣ ይህን ታሪክ ለልጆች የምነግርበት ቀን እንደሚመጣ ወሰንሁ።

ያም ቀን መጣ። መምህር ሆኜ ወደ አንድ የጠቅላይ ግዛት ከተማ በተላክሁ ጊዜ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ የሳምንቱ ትምህርት ሲገባደድ፣ መጻሕፍቱን አስከድኜ ተረት እነግራቸው ጀመር። የአንድሮሜዳ ተራ ሲደርስ ባሕሩንና ዐለቱን በሰሌዳው ላይ በጠመኔ ሣልሁ፤ ባሕር አይተው አያውቁምና ስለ ማዕበሉ ብዙ ነገርኋቸው፤ ልጅቱ ታስራ አውሬው ከውኃው ራሱን ቀና ሲያደርግ ክፍሉ ጸጥ ብሎ ሳለ፣ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ ብድግ ብላ፣ «ጋሼ፣ ይቺማ ብሩታዊት ናት!» ብላ ጮኸች። ወዲያው ሁሉም ተንጫጩ፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ደራጎኑን ሲወጋው፣ ከዛፍ ላይ ሆና የምትመለከተውን ድንግል የማያውቅ ልጅ በዚያ ክፍል አልነበረም። «ፈረሱስ የታለ?» አለ አንዱ፤ «በክንፋም ጫማ ነው የሚበር» ብለው፣ «እንግዲያው ጦር መያዙን ንገረን» አለ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ታሪኩን የምነግራቸው እኔ ብቻ መሆኔ ቀረ፤ እየተቀባበልን የምናሳድደው የጋራ ነገር ሆነ።

ያች ልጅ በሕፃን ልብ ያየችውን፣ ሊቃውንትም በምርምር ደርሰውበታል። የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ በአንደኛው መቶ ዓመት ሲጽፍ፣ የአንድሮሜዳ ሰንሰለት ምልክት በኢዮጴ ወደብ ዐለት ላይ በዘመኑ ይታይ እንደ ነበር መስክሯል፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ መቃብር የሚገኝባት ልዳም ለኢዮጴ ቅርብ መሆኗ በግብረ ሐዋርያት ተጽፏል። እንደ ወንዝ ሁሉ ታሪክም በሚያልፍበት ምድር ስም እየለወጠ ይፈስሳል ብዬ ለልጆቹ በነገርኋቸው ጊዜ፣ አንዱ አስቦ፣ «የአርዌ ዘንዶም እዚያው ውስጥ አለ?» ሲል ጠየቀኝ። ከመምህር የሚጠበቀው መልስ ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ «ፈልገው» አልሁት።

በዚያው ዓመት በኅዳር፣ ሰማዩ ከክረምት ደመና ጠርቶ በሚያበራበት ወራት፣ በወላጆቻቸው ፈቃድ አመሻሽ ላይ ከትምህርት ቤቱ በስተ ጀርባ ወዳለው ጕብታ አወጣኋቸው። ወደ ሰሜን ዞረው ሲመለከቱ የካሲዮፔያ አምስቱ ከዋክብት እንደ ተገለበጠ «ሠ» ሆነው ይታያሉ፤ ከእነርሱ ዝቅ ብሎ ኬፌዎስ፣ ከፍ ብላ አንድሮሜዳ፣ በአጠገቧም ፔርሴዎስ አሉ። ንጉሡና ንግሥቲቱ፣ ልጃቸውና አማቻቸው በአንድ ሰማይ ላይ በየቦታቸው መቀመጣቸውን ያዩ ሕፃናት፣ ከዚያ በኋላ ማንም ሳያስገድዳቸው የከዋክብትን ስም ያጠኑ ነበር።

ነገሩ ያለ ተቃውሞ አላለፈም። ከተማሪዎቼ የአንዱ አባት፣ በከተማው የታወቁ መሪጌታ፣ አንድ ዓርብ መቋሚያቸውን ይዘው ከክፍሉ ደጃፍ ቆሙ። እጅ ነሥቼ አስገባኋቸውና ወንበር ሰጠኋቸው። «ለልጆቻችን የጣዖት ወሬ ይነግራቸዋል ቢሉኝ ነው የመጣሁ፤ እውነት ነው የኔ ልጅ?» አሉኝ። «አባቴ፣ ተቀምጠው ይስሙና ይፍረዱኝ» አልኋቸው። መጨረሻው ድረስ ሰሙ፤ ልጆቹ ከወጡ በኋላም ቆይተው፣ «ሙሴም የግብፅን ጥበብ ሁሉ ተምሮ ነበር፤ እግዚአብሔርን ከማገልገል አልከለከለውም። ነገር ግን አንድ ነገር አደራ እልሃለሁ፤ ስትጀምር፣ እነዚያ ሰዎች እንዲህ ብለው ያምኑ ነበር በል፤ ስትጨርስም አትሳቅባቸው። በሰው አምልኮ መሳቅ የለመደ ልጅ፣ ነገ በራሱም ይስቃል» አሉኝ። ይህን አደራ በመምህርነት ዘመኔ ሁሉ ጠብቄአለሁ፤ ከምነግራቸው ታሪኮች መካከል የህንድና የጃፓን የመሳሰሉት ዛሬም በሚሊዮን የሚቆጠሩ ምእመናን የሚያከብሯቸው ናቸውና፣ የመሪጌታ ቃል ከጊዜ ወደ ጊዜ እየከበደብኝ እንጂ እየቀለለኝ አልሄደም።

በኋላም ቅዳሴያቸውን የምንቀድስላቸው ታላቁ ባስልዮስ፣ በአራተኛው መቶ ዓመት ወጣቶች ከጽርእ መጻሕፍት እንዴት ሊጠቀሙ እንደሚገባ ሲጽፉ፣ ንብ በአበባ ሁሉ ላይ እንደማታርፍ፣ ካረፈችበትም የሚጠቅማትን ብቻ ወስዳ ሌላውን እንደምትተው በምሳሌ ማስተማራቸውን አነበብሁ፤ ሙሴንና ዳንኤልንም በምስክርነት ጠርተዋል። የእኔም መሪጌታ፣ የቂሳርያው ሊቅ ከተናገሩት ቁም ነገር በራሳቸው ልቡና ደርሰው ነበር።

ልጆች አፈ ታሪክን ሲሰሙ የሚያነሡት ጥያቄ፣ ትልልቆች ከሚጠብቁት ሁሉ የጠለቀ ነው። ከስካንዲናቪያ ሕዝቦች አፈ ታሪክ የተኩላውን የፌንሪርን ነገር ስነግራቸው፣ አማልክቱ እያደገ የሚያስፈራቸውን አውሬ ለማሰር ያስፈተሉት ገመድ ከድመት ኮቴ ድምፅ፣ ከሴት ጢም፣ ከተራራ ሥር፣ ከድብ ጅማት፣ ከዓሣ እስትንፋስና ከወፍ ምራቅ የተሠራ መሆኑን ሲሰሙ በሳቅ ፈረሱ። ተኩላው ግን ተንኰሉን ጠርጥሮ ዋስ ጥሩልኝ አለ፤ ከአማልክቱም ቲር ብቻ እጁን በአፉ ውስጥ አኖረለት፤ ገመዱ እንደማይበጠስ ባየ ጊዜም ተኩላው እጁን ቈረጠው። እዚህ ላይ ሳቁ ቆመና ክርክር ተነሣ። አንዱ፣ ዋስ ዕዳውን ከፍሏልና ቲር ንጹሕ ነው፤ በደሉ ግን በሐሰት ቃል የገቡት የሌሎቹ ነው አለ፤ ሌላዋ፣ ተኩላው ዓለምን ሊያጠፋ ከሆነ መታለሉ ይገባዋል አለች፤ ሦስተኛው ደግሞ፣ «እንግዲያው እጃቸውን ሁሉም ለምን አላስገቡም?» ብሎ ሁለቱንም ዝም አሰኛቸው። አባቶቻቸው በዛፍ ጥላ ሥር በዋስና በመሐላ ሲሟገቱ ያደጉ ልጆች፣ በረዶ ከማይጠፋበት ሩቅ አገር የመጣውን ነገር እንደ ሰፈራቸው ጉዳይ ዳኙት።

ጋና በ1957 እ.ኤ.አ. ነጻነቷን ባገኘች ጊዜ፣ ዜናውን ለልጆቼ ያስተዋወቅሁት በካርታ ብቻ ሳይሆን በአካኖች የአናንሲ ተረት ጭምር ነበር። ሸረሪቱ አናንሲ፣ በሰማይ አምላክ በንያሜ ዘንድ የሚገኙትን ተረቶች ሁሉ ለመግዛት ሲሄድ፣ የተጠየቀው ዋጋ ተርብ፣ ዘንዶና ነብር ነበር። ለተርቦቹ ውኃ ረጭቶ፣ ዝናብ መጣባችሁ፣ ወደ ቅሉ ግቡ አላቸው፤ ዘንዶውን፣ አንተ ትረዝማለህ ወይስ ዱላው ብሎ ከዱላው ጋር እያስተካከለ አሰረው፤ ነብሩን በጕድጓድ ያዘው፤ እንዲህም ደካማው ፍጥረት የዓለምን ተረት ሁሉ የራሱ አደረገ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» አለ አንዱ ተማሪ ሳይጠየቅ። ከዓመታት በኋላ፣ ወደ አዲስ አበባ ተዛውሬ ሳስተምር፣ በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች ለአንድነት ድርጅት ምሥረታ ሲመጡ ተማሪዎቻችንን ባንዲራ አስይዘን በመንገድ ዳር አሰለፍናቸው፤ መኪኖቹ ሲያልፉም አንድ ትንሽ ልጅ ኮቴን ይዞ፣ «ጋሼ፣ የአናንሲ አገር መሪ የትኛው ነው?» አለኝ። ለእርሱ ክዋሜ ንክሩማ ከማያውቀው አገር የመጣ እንግዳ አልነበረም።

ከሁሉም ይልቅ በጥንቃቄ የነገርኋቸው የጊልጋሜሽን ታሪክ ነው። በሸክላ ጽላት ላይ ተጽፎ በነነዌ ፍርስራሽ ተቀብሮ የነበረው ይህ ጥንታዊ ድርሰት የወጣበት የንጉሥ አሹርባኒፓል ቤተ መንግሥት፣ በ1853 እ.ኤ.አ. በሞሱል ተወላጁ በሆርሙዝድ ራሳም ቍፋሮ ተገኘ፤ ከጽላቶቹም በአንዱ ላይ ያለውን የጥፋት ውኃ ታሪክ በ1872 እ.ኤ.አ. አንብቦ ለዓለም የገለጠው ጆርጅ ስሚዝ ነው። ይህ ራሳም፣ የእንግሊዝ መንግሥት ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ የላከው፣ በመቅደላም ታስሮ የኖረውና በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የተፈታው ያው ራሳም መሆኑን ስነግራቸው፣ የታሪክ ትምህርታቸውና ተረታቸው በአንድ ሰው ሕይወት ላይ መገናኘታቸውን አይተው ይገረሙ ነበር።

በዚያ ታሪክ ውስጥ ጊልጋሜሽ ወዳጁ ኤንኪዱ ሲሞትበት ስድስት ቀንና ሰባት ሌሊት ያለቅሳል፤ ሞትን የሚያሸንፍ ነገር ፍለጋ እስከ ዓለም ዳርቻ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ያረጀውን የሚያድስ ተክል ከባሕር ጥልቅ አግኝቶ ሲመለስ፣ ሲታጠብ ሳለ እባብ ይሰርቀውና ቆዳውን ገፍፎ ይሄዳል። ይህን ፍጻሜ ለልጆች ማለስለስ ይገባል የሚሉ ባልደረቦች ነበሩ፤ እኔ ግን እንዳለ ነገርኋቸው። በዚያ ዓመት ታላቅ ወንድሙ የሞተበት አንድ ተማሪ፣ ከቀብሩ ወዲህ በክፍል አንድ ቃል ሳይናገር የቆየ፣ ትምህርት ሲያልቅ ወደ ጠረጴዛዬ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ዓርብም ይህንኑ ይድገሙልን» አለኝ። ደገምሁላቸው። ሰማያዊ ተስፋችንን ከቤተ ክርስቲያን ያውቀዋል፤ ከታሪኩ የጠየቀው፣ ከብዙ ሺህ ዓመት በፊትም ሰው ስለ ወዳጁ እንደዚህ ማዘኑን መስማት ነበር።

እንዲህ እያልሁ ስቀጥል፣ ፍሬው ባልጠበቅሁት በኩል ወጣ። የሌላውን አገር ተረት የሰሙ ልጆች፣ የየቤታቸውን ይዘው ይመጡ ጀመር። የጉራጌው፣ የኦሮሞው፣ የትግሬው፣ የሐረሪው ልጅ፣ ከአያቱ የሰማውን በክፍሉ ፊት ቆሞ ሲናገር፣ ቀድሞ በቤቱ ቋንቋ ያፍር የነበረው እንኳ አንገቱን ቀና ያደርጋል፤ የዜውስና የአናንሲ ታሪክ መጽሐፍ ከሆነ፣ የአያቱም ታሪክ ለመጽሐፍ የሚበቃ መሆኑን ተገንዝቧልና። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1948 ዓ.ም. ያሳተሙት «ተረት ተረት የመሠረት» ከእጃችን በገባ ጊዜ፣ ልጆቹ የሚያውቁትን ታሪክ በማኅተም ሲያዩ የነበራቸውን ደስታ አልረሳውም። ሃሮልድ ኩርላንደርና የሴም ቋንቋዎች ሊቅ የሆኑት ቮልፍ ሌስላው በ1950 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የኢትዮጵያን ተረቶች በእንግሊዝኛ ማሳተማቸውንም ነገርኋቸው። ለመጽሐፉ ስም የሆነው ተረት፣ በብርድ ተራራ ራስ ላይ ዕርቃኑን ያደረ ሰው ከሸለቆው ማዶ የምትታየውን እሳት እያየ መጽናቱን፣ ጌታውም በእሳት ሞቀሃል ብሎ ዋጋውን መከልከሉን፣ ፍርዱም ሽታው ብቻ በተቀመሰ ግብዣ መታረሙን የሚናገር ነው። የአሜሪካ ሕፃናት የእኛን ፍርድ አዋቂ ሽማግሌ የሚያውቁት ከሆነ፣ የእኛ ሕፃናት የእነርሱንና የሌላውን አለማወቃቸው ጕድለት ነው።

ከዚህ ሁሉ ዘመን ያረጋገጥሁት ቁም ነገር ይህ ነው፤ ልጅ የዓለምን አፈ ታሪክ የሚቀበለው የገዛ ቤቱ ተረት በልቡ ውስጥ ቀድሞ ስፍራ ሲያዘጋጅለት ነው፤ የዓለምም አፈ ታሪክ በተራው የቤቱን ተረት ያከብርለታል። አንዱ ሌላውን አያባርረውም። ስለዚህ በአርዌና በማክዳ ጀምረን ወደ አንድሮሜዳ እንሂድ እንጂ፣ ከአንድሮሜዳ ጀምረን አርዌን አንርሳ። ተረቱን በአፋችን፣ በልጁ ቋንቋ፣ ዓይኑን እያየን እንንገረው፤ የሰዎቹንና የአገሮቹን ስም ሳንቀይር በትክክል እንጥራለት፤ የሚያስለቅሰውን አናስቀርበት፤ ከሁሉም በላይ፣ ታሪኩ እንዳለቀ ምክር ለመጨመር አንቸኩል፤ ልጁ ራሱ ፈራጅ ሆኖ የሚቆምባትን ያችን የዝምታ ጊዜ እንተውለት።

ዛሬ በባሕር ማዶ የሚያድጉ የልጅ ልጆቻችን የቶርንና የኦዲንን ስም ከሲኒማ ያውቃሉ፤ በአገር ቤት ያሉትም እንዲሁ። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ሲኒማ ልጁን አይጠይቀውም፤ ልጁም ሲኒማውን «ተራዋ የደረሰው ልጅ ማን ነበረች?» ብሎ ሊጠይቅ አይችልም። ለዚህ የሚነግር ሰው ያስፈልጋል፤ ለሚነግረውም ሰው መጽሐፍ ያስፈልጋል። የመላው ዓለም አፈ ታሪክ ከእኛው ተረት ጋር ተጣምሮ፣ በመልካም አማርኛና በሌሎቹም የአገራችን ቋንቋዎች፣ በራሳችን ሠዓልያን እጅ ተሥሎ ለሕፃናት ቢቀርብ፣ ለትውልዱ የሚያበረክተው ጥቅም ብዙ ነው።

እንግዲህ ብዕር ያላችሁ ጸሐፍት፣ ማተሚያ ያላችሁ አሳታሚዎች፣ ሰሌዳና ጠመኔ ያላችሁ መምህራን፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ የምሽት ሰዓት ያላችሁ ወላጆች፣ ይህን ሥራ ለሌላ አትተዉት። ሥራው ገንዘብ የሚፈልገው ለመጽሐፉ ነው፤ ለመጀመሩ ግን አንድ ተረት የሚያውቅ ሰውና አንድ የሚሰማ ልጅ ይበቃሉ። ለሚጀምሩት ሁሉ እግዚአብሔር ብርታቱንና ዕድሜውን ይስጣቸው።